ዕድሉ ከውሳኔ በፊት ይምጣ ወይስ በኋላ? ተራ በተራ ስለሚሄዱ የስትራቴጂ ጌሞች

ቆርኪዳማ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ስለ ኤክስኮም (ጥቂት ወታደሮች ይዘህ ተራ በተራ ከጠላት ጋር የምትዋጋበት ጌም) የጀመርነው፣ ዕድልን የሚጠቀምበት መንገድ ልክ ነው ወይ የሚለው ክርክር ሳይቋጭ ስለቀረ ለብቻው ክር ልክፈትለት። የእኔን አቋም ልንገራችሁና ከዚያ ሁሉም የራሱን ይበል። ዕድል በጌም ውስጥ ይኑር፣ ችግር የለብኝም። ግን ከውሳኔዬ በፊት ይምጣ።

ኢንቱ ዘ ብሪችን ውሰዱ፣ ሕንጻዎችን ከጠላት የምትከላከልበትን የ2018ቱን ጌም (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምንጽፈው)። ሜዳው 8 በ8 ነው። በየዙሩ ጠላት ማንን ሊመታ እንደተዘጋጀና ስንት ጉዳት እንደሚያደርስ ፊት ለፊት ያሳይሃል። ከዚያ ተራው ያንተ ነው። ስትመታ አትስትም። ሕንጻ ሲመታ የመትረፍ ትንሽ ዕድል አለው፣ እሱም ለአንተ የሚጠቅም ነው፤ የቀረው ሁሉ የተቆጠረ ነው። ዕድል የሚወስነው ጠላት ከየት እንደሚወጣና ወዴት እንደሚዞር ነው፣ ያ ደግሞ አንተ ማሰብ ከመጀመርህ በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። ተሸነፍክ? ቁጭ ብለህ የቱ ጋ እንደተበላሸ ታገኘዋለህ።

ኤክስኮም (የ2012ቱም፣ የ2016ቱ ኤክስኮም 2ም) የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። ወታደርህን አስጠግተህ፣ ከጎን ገብተህ፣ መከለያ ይዘህ፣ ሁሉን አሟልተህ የመምታት ዕድልህ 95 በመቶ ነው ይልሃል። ትተኩሳለህ። ይስታል። በጠላት ተራ ያ ወታደር ይሞታል፣ ከእሱ ጋር ስንት ተልዕኮ ያሳለፍክበት ልምድም ይሄዳል። ከዚህ ምን ትማራለህ? እኔ ምንም አልታየኝም። እናንተስ?

የሌሊት_ጓድ፦
ወንድሜ ቆርኪዳማ፣ በጣም አልስማማም።

95 በመቶ ማለት ከ20 አንዴ ይስታል ማለት ነው። በአንድ ተልዕኮ 14 ጊዜ ብትተኩስ ቢያንስ አንዱ የመሳቱ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። አስሉት፣ 0.95ን በራሱ 14 ጊዜ ብታባዙ ከ0.49 በታች ነው የሚመጣው። ስለዚህ መሳቱ እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ታውቃለህ። ጥያቄው ሲመጣ ምን አዘጋጅተሃል የሚለው ነው። ጥሩ የኤክስኮም ተጫዋች በ95 አይተማመንም። መጀመሪያ ቦምብ ይወረውራል፣ ቦምብ አይስትም፣ መከለያውንም ያፈርሳል። ከዚያ ሌላውን ያስተኩሳል። ሁለተኛ ተኳሽ ደግሞ ተራውን ሳይጨርስ በተጠንቀቅ ያስቀምጣል። አንዱ ተኩስ ሲስት ቡድኑ በሙሉ የሚያልቅ ከሆነ ዕቅዱ ድሮም አልቆመም ነበር።

እኔ ያደግኩት በዌስኖዝ ነው። ለማታውቁት፣ ዘ ባትል ፎር ዌስኖዝ በ2003 የተጀመረ ነጻ ጌም ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ምንም ችግር ይሄዳል። እዚያ የመምታት ዕድል የሚወሰነው የተመታው ሰው በቆመበት መሬት ነው። በጫካ ውስጥ የቆመ ኤልፍን (የተረት የጫካ ሰው) መምታት መከራ ነው፣ እሱኑ ሜዳ ላይ ካገኘኸው ግን አለቀለት። አስማተኛ ሁሌም 70 በመቶ ይመታል፣ የትም ይቁም። ቀንና ሌሊትም ይፈራረቃል፤ ቀን የሚበረታው ሰው በቀን 25 በመቶ ጉዳት ይጨምራል፣ ሌሊት የሚበረታው ደግሞ በሌሊት። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ሠራዊትህን ወደ ኋላ ትመልሳለህ፣ ሲነጋ ትገፋለህ። ይሄ ሁሉ የዕድልን ጎን እየመረጡ መጫወት ነው። ዕድሉን ብታወጣው ጌሙ ባዶ ይሆናል።

ፒያሳ_ማታ፦
እኔ ከቆርኪዳማ ጋር ነኝ። ደግሞ ሴቭ አድርጌ እንደገና ልሞክር ብትሉ የ2012ቱ ኤክስኮም ውጤቱን አስቀድሞ ይይዘዋል። ያንኑ ተኩስ በዚያው ቅደም ተከተል ብትደግሙት እንደገና ይስታል። እንዲቀየር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሌላ ወታደር ማንቀሳቀስ አለባችሁ። ጓደኞቼ ይሄን ሲያዩ ጌሙ እያጭበረበረ ነው ይላሉ።

ቁጥር_ወዳድ፦
ስለ ማጭበርበር ከተነሳ አይቀር ልግባበት፣ ምክንያቱም ሰው የሚጠረጥረው በተሳሳተ አቅጣጫ ነው። ጌሞች ሲያጭበረብሩ ብዙውን ጊዜ ለእኛ ብለው ነው።

ሲድ ሜየር፣ ሕዝብ ይዘህ ሥልጣኔ የምትገነባበትን የሲቪላይዜሽን ጌም የጀመረው ሰው፣ በ2010 በጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ የተናገረውን ፈልጋችሁ ስሙት። ሲቪላይዜሽን ሬቮሉሽንን ሲያስሞክሩ፣ 3 ለ1 ብልጫ ይዞ የተሸነፈ ተጫዋች የሆነ ነገር ተበላሽቷል ብሎ ያማርር ነበር። በሒሳቡ ከአራት ውጊያ አንዱን መሸነፍ አለበት። ያው ተጫዋች 1 ለ3 ተበልጦ ሲያሸንፍ ግን ቅሬታ የለውም። በመጨረሻ ሒሳቡን ለተጫዋቹ ስሜት እንዲስማማ አድርገው ቀየሩት።

ፋየር ኤምብለም የሚባለው የጃፓን የውጊያ ጌም ደግሞ ከ2002ቱ ክፍል ጀምሮ ለብዙ ዓመት፣ መምታትህን ለመወሰን አንድ የዕጣ ቁጥር በማውጣት ፈንታ ሁለት አውጥቶ አማካዩን ይወስድ ነበር። ስክሪኑ ላይ 90 ይላል፣ እውነተኛው ዕድል ግን ወደ 98 ይጠጋል። 10 የሚለው ደግሞ ወደ 2 ይወርዳል። ኤክስኮም 2ም በቀላሎቹ ደረጃዎች ላይ ደጋግመህ ስትስት ሳይነግርህ ቀጣዩን ተኩስህን ያግዝልሃል። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይህ እርዳታ የለም። ለዚህ ነው ሰው ደረጃ ሲጨምር ጌሙ ተንኮለኛ የሆነ የሚመስለው። እርዳታው ነው የቆመው።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዕድሉ በፊት ይምጣ በኋላ ግድ የለኝም፣ ያሳየኸኝ ቁጥር ግን እውነት ይሁን። ዌስኖዝ በዚህ ምስጋና ይገባዋል። ከማጥቃትህ በፊት በስንት ዕድል ስንት ጉዳት እንደምታደርስ ሙሉ ስሌቱን ከፍተህ ማየት ትችላለህ፣ የተደበቀ ነገር የለውም። 70 በመቶ ካለ 70 ነው። አራት ምት አራቱንም ብትስት ከመቶ አንዴ እንኳ የማይሞላ አጋጣሚ ደረሰብህ እንጂ ማንም አልሠራብህም።

ጋሼ_ፈረስ፦
ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ የእናንተን ኤክስኮም አላውቀውም፤ ቼዝ በስልክ ሊቼስ ላይ እጫወታለሁ፣ ገበጣ ደግሞ ከልጅነቴ። ሁለቱም ውስጥ ዕድል የሚባል ነገር የለም። ገበጣ ላይ ጠጠሩ ሁሉ ፊትህ ነው፣ ቆጥረህ ትዘራለህ፣ ያልቆጠረ ይበላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምርላችሁ። ሁላችሁም "ተራ" የሚለውን ነገር እንደ ቀላል አልፋችሁታል። የጥንቱ የእኛ ሰንጠረዥ፣ የሀገራችን ቼዝ፣ ሲጀመር ተራ አልነበረውም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። መደቆቹን (ትንንሾቹን ወታደሮች) ታወጣለህ፣ ፈረሱን ታስቀምጣለህ፣ እሱ ምን እንዳደረገ እያየህ የራስህንም መልሰህ ታስተካክላለህ። መጀመሪያ አንዱ የሌላውን ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሄደው። ሰሌዳውም ነጭና ጥቁር አልነበረም፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ የተሰመረ መስመር ነው። ዓፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወት እንደነበር ተጽፏል። አጨራረሱም ደረጃ ነበረው። በደር (ቀጥ ብሎ በሚሄደው ጠንካራ) ማት ማድረግ፣ ማለትም ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ መጨረስ፣ እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም ነበር። በፊልና በፈርዝ፣ በደካሞቹ የጨረሰ ነው የሚመሰገነው።

የሌሊት_ጓድ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ይሄንን ያህል ዝርዝር አልሰማሁም ነበር። ሲቪላይዜሽን በኦንላይን ሲጫወቱ ሁሉም ተራውን በአንድ ጊዜ የሚያደርግበት አካሄድ አለ፣ ሰው እንዳይጠብቅ ተብሎ የመጣ። ጦርነት ሲነሳ ግን ጣቱ የፈጠነ ይመታል፣ ስትራቴጂው ቀርቶ ሩጫ ይሆናል። በእርስዎ ወረራ ላይ ይሄ ችግር የሚቀረው መጀመሪያ የበላው ሰው ራሱ ነገሩን ወደ ተራ ስለሚመልሰው ነው። በጣም ብልህ ሕግ ነው። የሰላሙ ጊዜ በጋራ፣ የጦርነቱ በተራ።

ሰላም_ሜሪላንድ፦
እኔ ወደ ቦርድ ጌሞቹ ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም በዲጂታል ሲሆኑ የሚያገኙትም የሚያጡትም ነገር አለ፣ ማንም ሲያነሳው አላየሁም።

እኔና ወንድሜ፣ እሱ አዲስ አበባ ነው፣ ስሩ ዘ ኤጅስን፣ ሥልጣኔ የሚገነባበትን የቦርድ ጌም፣ በስልክ እንጫወታለን። የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለን፣ እንደ ወቅቱ። አንድ ላይ ቁጭ ብለን መጫወት አይሆንልንም። እኔ ከሥራ ስወጣ ተራዬን አደርጋለሁ፣ እሱ ጠዋት ሲነሳ ያገኘዋል። አንድ ጨዋታ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ግን በየቀኑ አንድ ነገር ከእሱ ይደርሰኛል። ስልክ ተደዋውለን የምናወራውም ስለሱ ነው፣ ለምን ያንን መሪ ወሰድሽብኝ እያለ። ተራ በተራ የሚሄድ ጌም ባይኖር ይሄ አይኖርም ነበር። በሰዓት የሚሮጡት ጌሞች ይሄን ሊሰጡኝ አይችሉም።

ጌሙ በጠረጴዛ ላይ የ2006 ነው፣ የቭላዳ ክቫቲል ሥራ፣ ዲጂታሉ በ2017 ወጣ። በጠረጴዛ ላይ ብዙ ሰዓት ይበላል፣ ግማሹ ጊዜ የሚያልቀው ትንንሽ ጠጠሮችን ከቦታ ቦታ በማዛወር ነው። ስልኩ ያንን ሁሉ በራሱ ይሠራዋል። ጥሩ ነው። ግን እዚህ ጋ ነው ቅሬታዬ። በዚያ ጌም ሀብት ሳትጠቀሙበት ካከማቻችሁ በሙስና ይቀነስባችኋል። በጠረጴዛ ላይ ጠጠሮቹን በእጃችሁ ስለምታነሱ ከማከማቻችሁ ላይ ባዶ ቦታው ሲሰፋ ታያላችሁ፣ አደጋው ይገባችኋል። በስልክ ግን ተራው ሲያልቅ ቁጥሩ ቀንሶ ታገኙታላችሁ፣ በቃ። በአፑ ብቻ የተማሩ ጓደኞቼ ብዙ ከተጫወቱ በኋላም ማዕድናቸው የት እንደሚገባ አያውቁም። ስለዚህ ቁጥር_ወዳድ ያልከው ትክክል ነው፣ ግን ሐቀኛ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣም መታየት አለበት።

ፒያሳ_ማታ፦
እህቴ ሰላም፣ ካታን ላይም (ዳይሱ ያወጣው ቁጥር አጠገብ ቤት ያለው ሀብት የሚያገኝበት የቦርድ ጌም) እንደዚሁ ነው። በጠረጴዛ ላይ ዳይሱን ራስህ ስለምትወረውር 7 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ቢመጣ ትስቃለህ። አፑ ላይ ሲመጣ ግን ሁሉም ኮምፒውተሩን ይረግማል።

ቁጥር_ወዳድ፦
ከ36 አጋጣሚ 7 ስድስቱን ይይዛል፣ 6 እና 8 እያንዳንዳቸው አምስት። ተከታትሎ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው። ካታን ከ1995 ጀምሮ ከነዚህ ቁጥሮች ጋር ነው የኖረው። ዕድሉም ከውሳኔ በፊት ነው የሚመጣው፣ መጀመሪያ ይወረወራል ከዚያ ትሠራለህ። ቆርኪዳማ፣ በአንተ ሕግ ካታን ፍትሐዊ ነው ማለት ነው። ግን ቤትህን 6 አጠገብ ሠርተህ 6 ሳይመጣ ጨዋታው ቢያልቅስ? ቤቱን ስትሠራ ውሳኔህን ወስነሃል፣ ዕድሉ በኋላ ነው የመጣው። መስመሩ የት ጋ ነው?

ስልክ_ብቻ፦
ይቅርታ ክርክሩን ላቋርጥ። የምታነሷቸው ጌሞች ግማሾቹ ላፕቶፕና የውጭ ክፍያ የሚፈልጉ ናቸው። እኔ ያለኝ መካከለኛ ስልክ ነው፣ ዳታም በጥቅል ነው የምገዛው፣ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ነጻ የሆነ፣ ማስታወቂያ የማያዥጎደጉድ ምን አለ? ሉዶ ሰለቸኝ።

የሌሊት_ጓድ፦
ዩንሲቭን አውርድ። የሲቪላይዜሽን 5ን ሕግ ለስልክ ተብሎ እንደገና የተጻፈ፣ ነጻና ኮዱ ክፍት ነው። በጣም ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። ስዕሉ ያማረ እንዳይመስልህ፣ ሥዕል የለውም ማለት ይቻላል፣ ግን ውስጡ ሙሉ ጌሙ ነው። ያለ ኔት ይሠራል፣ በየተራው ሴቭ ስለሚያደርግ ስልክህ ድንገት ቢዘጋ የምታጣው ነገር የለም።

ሰላም_ሜሪላንድ፦
ፖሊቶፒያንም ጨምርበት። የ2016 የስዊድን ጌም ነው። አራት ጎሳዎች በነጻ ይመጣሉ፣ ሌሎቹ ናቸው የሚከፈልባቸው። ፐርፌክሽን የሚባለው አጨዋወት 30 ተራ ብቻ ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነህ ትጀምራለህ። ውጊያው ውስጥም ዕድል የለም፣ ቆርኪዳማ የሚወደው ዓይነት ነው። ዳይስ የሚባለው ነገር በዋናነት ካርታው ሲፈጠር ነው።

አክሱም_እስከ_አድዋ፦
ሲቪላይዜሽን ከተነሳ እኔም ልናገር። ኢትዮጵያ በእነዚህ ጌሞች ውስጥ እንዴት እንደተሠራች ስትከታተሉ፣ ስለ ዲዛይን ብዙ ነገር ይታያል።

በሲቪላይዜሽን 4፣ በ2007ቱ ማስፋፊያ፣ መሪው ዘርዓ ያዕቆብ ነው። በ5ኛው፣ በ2012፣ ኃይለ ሥላሴ። መሐል ሰፋሪ የሚባል ጦር ነበራቸው፣ ከአንተ የበዙ ከተሞች ካሉት ጋር ስትዋጋ ደግሞ 20 በመቶ ጥንካሬ ይጨመርልሃል፣ ስሙም የአድዋ መንፈስ። ይሄ ለእኔ እስካሁን ካየሁት ሁሉ ምርጡ ነው። አንድ ሕግ፣ አንድ ቁጥር፣ ግን አጨዋወትህን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል። ትንሽ ሆነህ ለመቆየት ትመርጣለህ፣ ትልቁን ጎረቤት አትፈራውም። ታሪኩ በሕጉ ውስጥ አለ፣ በጽሑፍ አልተለጠፈም። በ6ኛው፣ በ2020፣ ዳግማዊ ምኒልክ መጡ። ኮረብታ ላይ የቆመ ጦር 4 ነጥብ ጥንካሬ ይጨምራል፣ ኮረብታ ላይ የተመሠረተ ከተማ ደግሞ ከሚያመነጨው እምነት (የሃይማኖት ነጥብ) 15 በመቶ ያህሉን በሳይንስና በባህል ያገኛል። ከዐለት የሚፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም ትሠራለህ። ካርታው ላይ ደጋ ፍለጋ መሄድ ትጀምራለህ፣ ሌላው ሰው ሜዳ ሲፈልግ። በጣም ደስ ይላል። መሪውም በአማርኛ ነው የሚናገሩት።

አሁን 7ኛውን እዩ፣ በየካቲት 2025 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣውን። አክሱም አለ፣ ሐውልት ትተክላለህ፣ የባሕር ንግዱም አለ። ግን ጨዋታው በሦስት ዘመን ተከፍሏል፣ እንደወጣ ሰሞን የመጀመሪያው ዘመን ሲያልቅ አክሱምን ትተህ ሌላ ሕዝብ መሆን ነበረብህ። ሲወጣ ደግሞ ከአክሱም ቀጥሎ የምትሆናት ኢትዮጵያ አልነበረችም። ላሊበላ የለ፣ ጎንደር የለ፣ አድዋ የለ። እኔ ይሄንን ጌም የምጫወተው አንድ ሕዝብ ይዤ ከድንጋይ ዘመን እስከ ጠፈር ለመሄድ ነው። በተራ የሚሄድ ጌም ትልቁ ነገር መቀጠል ነው፤ አንድ ተራ ልጨምር እያልክ ሌሊቱ የሚነጋው ለዚህ ነው። መሀል ላይ ሲቆርጡህ ሌላ ጌም የጀመርክ ይመስልሃል።

ቁጥር_ወዳድ፦
ልክ ነህ፣ ግን የቆረጡበት ምክንያት አለ። በድሮዎቹ ላይ መቶኛው ተራ ላይ ማን እንደሚያሸንፍ ይታወቃል፣ የቀረው ሁሉ ማጨብጨብ ነው። ሰዉ አብዛኛውን ጨዋታ ሳይጨርስ ይተወዋል። የዘመን መቀየሪያው መሪውን ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ ውድድሩን እንደገና ለመክፈት ነው የታሰበው። ችግሩ ለትክክለኛ በሽታ የተሳሳተ መድኃኒት መስጠታቸው ነው። ኮምፒውተሩ በደንብ መጫወት ቢችል ኖሮ ጨዋታው እስከ መጨረሻ ይከብድ ነበር። አሁን የሚያከብዱት በስጦታ ነው። በ6ኛው ከፍተኛ ደረጃ ላይ አንተ አንድ ሰፋሪ (ከተማ የሚመሠርት ሰው) ይዘህ ስትጀምር ኮምፒውተሩ ሦስት ይዞ ይጀምራል። እስክትደርስበት ትለፋለህ፣ ከደረስክበት በኋላ ማሰብ ስለማይችል ያበቃለታል።

ቆርኪዳማ፦
ብዙ ነገር ነው ያነሳችሁት። የቁጥር_ወዳድን ጥያቄ ልመልስ፣ መስመሩ የት ጋ ነው ላልከው። ለእኔ መስመሩ የእያንዳንዱ ዕጣ ክብደት ነው። የሌሊት_ጓድ በሚወደው ዌስኖዝ አንድ ውጊያ ብዙ ትንንሽ ምት ነው፣ አንዱ ቢስት ሌላው ይመታል፣ በሠራዊት ደረጃ ዕድሉ ይመጣጠናል። ካታንም ዳይሱ በጨዋታው ውስጥ ደጋግሞ ስለሚወረወር ያው ነው። ኤክስኮም ላይ ግን ስድስት ሰው ነው ያለህ፣ አንድ ተኩስ የአንዱን ሕይወት ይወስናል። ቁጥሩ ሐቀኛ ሆኖም እንኳ አንድ ዕጣ ላይ ያን ያህል ከባድ ነገር መጫን ተገቢ አይመስለኝም። ቦምብ ቀድመህ ጣል ያልከውን ግን እይዘዋለሁ፣ እሱ ጥሩ ምክር ነው።

የሌሊት_ጓድ፦
ክብደቱ ነው እኮ ኤክስኮምን ኤክስኮም የሚያደርገው ወንድሜ። ያ ወታደር ሲሞት የሚሰማህ ነገር በዌስኖዝ ጦረኛ ላይ አይሰማህም። አልተስማማንም፣ ይሁን።

ኮድ_ልጅ፦
ክሩን በዝምታ ስከታተል ነበር። ጋሼ_ፈረስ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ሰንጠረዡን ለስልክ መሥራት ጀምሬያለሁ፣ ለሁለት ሰው፣ በኦንላይን። ወረራው ላይ ተቸገርኩ። ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ለወረራው የጊዜ ገደብ ላድርግለት ወይ? ኔትወርኩ የዘገየበት ሰው እንዳይጎዳ ብዬ 60 ሰከንድ አስቤ ነበር። ሁለተኛ፣ ንጉሡ ብቻውን ሲቀር ምን ይሆናል?

ጋሼ_ፈረስ፦
ጎበዝ ልጄ፣ በርታ። ሁለተኛውን ልመልስልህ፦ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ አይፈቀድም፣ ጨዋታው እኩል ይወጣል። ስለዚህ አሸናፊው ሁሉን እየበላ መሄድ አይችልም፣ ለባላጋራው የሆነ ነገር እየተወለት መጨረስ አለበት። ይሄን በደንብ ሥራው፣ ዋናው ጥበብ እዚያ ነው።

የመጀመሪያውን ግን ተው። 60 ሰከንድ አታድርግ። በወረራው ጊዜ እሱ ያደረገውን እያየህ የራስህን ማስተካከል የተፈቀደ ስለሆነ፣ ኔትወርኩ የዘገየበትም ሰው ሲደርሰው አይቶ ያስተካክላል። የቸኮለ ከሆነ መጀመሪያ ይብላ፣ ያን ጊዜ ወረራው በራሱ ያበቃል።

ኮድ_ልጅ፦
እሺ ጋሼ፣ ሰዓቱን አነሳዋለሁ። ለመሞከር ሁለት ሰው እፈልጋለሁ፣ አንዱ በደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ስልክ_ብቻ፦
እኔ አለሁ። ዩንሲቭን ሳወርድ እንኳ ሁለቴ ተቋርጦብኛል፣ ከእኔ የደከመ አታገኝም።